የእቴቴን ጥልፍ ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ እሳቸው ደብተራቸውን ቆለፉ

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምጽፍልዎት ነገር ለሰው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ከነሳኝ ሦስት ወር ሊሆነው ነው።

ጉለሌ የሚኖሩ የአባቴ ታላቅ እህት አሉ። በቤተሰቡ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ከሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች የሐበሻ ቀሚስ እየተቀበሉ፣ ቤታቸው ወስደው በእጃቸው እየጠለፉ፣ በቀሚስ ሒሳብ እየተከፈላቸው አራት ልጆች አሳድገዋል። የጥልፍ ማሽኑ ሲበዛ ሥራው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። አሁን 74 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሾለክ አይሆንላቸውም፤ ክሩ ከገባላቸው ግን እጃቸው ዛሬም መንገዱን አይስትም።

ከሁለት ዓመት በፊት «አስተምሩኝ» ብዬ ስለምናቸው «ዛሬ ማን ይከፍልበታል? ዓይንሽ ምን በወጣው!» ብለው እምቢ አሉኝ። እኔም እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየሄድኩ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ እሺ ሲሉ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ሰጥተው ስድስት ወር ሙሉ የሰንሰለት ስፌት ብቻ አስጠለፉኝ። ያልወደዱትን መስመር በመርፌ ጫፍ ቀስ እያሉ ፈትተው «እንደገና» ይሉኝ ነበር። ደብተራቸውን ያሳዩኝ ከዚያ በኋላ ነው። የድሮ የተማሪ ደብተር ነው፤ በየገጹ በእርሳስ የተሣሉ መስቀሎችና ሐረጎች አሉበት፤ መስመሮቹ በመርፌ ተበሳስተዋል። የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው ወረቀቱን መታ መታ ሲያደርጉት ሥዕሉ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ቀሚሱ ላይ ይወጣል። ከሁሉም የወደድኩት ከመስቀሉ ግርጌ ሁለት ትናንሽ ወፎች ፊት ለፊት የሚተያዩበትን ነው። ያንን ለበኩር ልጃቸው ሠርግ ራሳቸው ያወጡት ነው፤ ልጃቸው ዛሬ በሕይወት የለችም።

የዛሬ ዓመት ገደማ ከሥራ ባልደረቦቼና ከሠፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን መጥለፍ ጀመርን። ሰባት ነን። አንዷ ኪሮሽ ትችላለች፣ አንዷ ከእናቷ መስቀለኛ ስፌት ተምራለች፣ የቀሩት ከእኔ ጋር ነው የጀመሩት። ቡና ይፈላል፣ ሬዲዮ ይከፈታል፣ እንጠልፋለን። በሳምንቱ ውስጥ እንደዚያች ሰዓት የምወዳት ጊዜ የለችኝም። አንድ ቀን የወፎቹን ሥዕል ወረቀት ላይ ገልብጬ ወሰድኩላቸው። ሁሉም በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ደስ አለኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ ከመካከላችን አንዷ ያንን ፎቶ ለአንድ የማሽን ጥልፍ ቤት ሰጥታ ቀሚሶች አሠርታ ሸጠች። የእቴቴ ጎረቤት አንዱን ለልጇ ገዝታ፣ ምንም ሳታውቅ «እስቲ እዩልኝ» ብላ ለእሳቸው ይዛ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። እቴቴ ቀሚሱን ዳበሱት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ ከዚያ «ለልጅሽ መግዛትሽንስ ሰማሁ፤ ስትሠራ ለማን ነው የተሠራችው?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤታቸው «ለገበያ ነዋ እቴቴ!» አለች። እሳቸውም ቀሚሱን አጣጥፈው መለሱላት።

ከዚያ ወዲህ ስሄድ እንደ ወትሮው ቡና ያጠጡኛል። ስለ ጥልፍ ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም። ደብተሩንም ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። እናቴ «ምን አለፋሽ፣ አንድ ሥዕል ነው፣ ይረሱታል» ትለኛለች። እኔ ግን ከቡድኑ ልውጣ ወይ? ልጅቷን ፊት ለፊት ልናገራት? ወይስ ሁለተኛ ለማንም ምንም አላሳይ? ለነገሩ ሁለት ዓመት ብቻ ተምሬ ሌላውን ላስተምር እኔ ማን ነኝ?

ሌላም ትንሽ ነገር አለችኝ፦ የጀመርኩት ነጭ ጨርቅ ሲታጠብ ቀዩ ክር ቀለሙን ለቀቀበት። የሚያድነው ነገር ይኖር ይሆን?

ቅር ያሰኘኋቸው፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ነገሩ የገንዘብ መሰለኝ። ማሽን የዕድሜ ልክ እንጀራቸውን ነጠቃቸው፤ አሁን ደግሞ የቀረቻቸውን ሥዕል በገዛ ወንድማቸው ልጅ በኩል ወሰደባቸው ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ቢሆንም ማዘናቸው አይፈረድባቸውም። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ እቴቴ የጠየቁት ጥያቄ ላይ ቀረ። ስንት ተሸጠ አላሉም። ማን ሰጠባቸው አላሉም። «ስትሠራ ለማን ነው የተሠራችው?» ነው ያሉት።

ጥያቄውን ከሙያቸው አንጻር እንየው። በእጅ የሚጠለፍ ቀሚስ ገና ጨርቁ ሲቆረጥ ባለቤት አለው። ሸማኔው ጥለቱን ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ሸምኖ ያወጣዋል፤ ሰፊው በልኩ ይሰፋዋል፤ ጠላፊዋ ደግሞ ያንን አንድ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀናትና ሳምንታት አብራው ትከርማለች። ለሠርግ ይሁን ለክርስትና ታውቃለች። ሙሽራዋ ረጅም ከሆነች መስቀሉን ወደ ታች ታስረዝመዋለች፤ እናትየው ቀይ አልወድም ካሉ ወደ አረንጓዴና ወርቃማ ትሄዳለች። እቴቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠለፉት እንዲህ ለአንዲት ለታወቀች ሰው ነው። «ለገበያ ነዋ» የሚለው መልስ ለጎረቤታቸው ተራ ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን ባዳ ቋንቋ ሆኖባቸው ይሆናል።

አንቺ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር በአንዲት መስመር ነክተሽ አልፈሻል። ወፎቹ የወጡት ለበኩር ልጃቸው ሠርግ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ዛሬ የለችም። እኔ በደብዳቤ ብቻ የማውቃቸውን ሴት ልብ ልተርክልሽ አልችልም፤ እሳቸውን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። ግን እስቲ መለስ ብለሽ አስቢ፦ ያንን ገጽ ሲያሳዩሽ ድምፃቸው እንዴት ነበር? ስለ ልጃቸው ያወሩልሽ ነገር ነበር ወይስ ገጹን ቶሎ ገለጡት? ከዚያ ሠርግ በኋላስ ወፎቹን ለሌላ ቀሚስ ጠልፈዋቸው ያውቃሉ? ለደንበኛ ጠልፈዋቸው የማያውቁ ከሆነ፣ ያ ገጽ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ደብተር ቢቀመጥም ለእሳቸው ከሥራ ሥዕል አይቆጠርም። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የልጃቸው ፎቶ ነው። በዚያ ቀን ጎረቤታቸው ጭናቸው ላይ ያስቀመጠችላቸው ያንን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእናትሽን «ይረሱታል» አልቀበለውም። እናትሽ ያሉት አንቺን ለማጽናናት ነው፣ ይገባኛል። ግን ይህ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ በዝምታ ከታለፈ ደብተሩ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ እሳቸውም 74 ዓመታቸው ነው።

ጥፋትሽንም በልኩ እንየው፤ እንቅልፍ እስኪነሳሽ የተሸከምሽው ከሚገባው በላይ ይመስለኛል። አልሸጥሽም። የወደድሽውን ነገር ለምትወጃቸው ሰዎች አሳየሽ፤ ይህ የደግ ሰው ጠባይ ነው። የተሳሳትሽው አንድ ነገር ነው፦ ሥዕሉን ከእሳቸው ቤት ስታወጪ አላስፈቀድሻቸውም። ትንሽ ነው ብዬ አላቃልልልሽም፤ ግን በ«ይቅርታ» የሚደረስበት ነው። ደግሞ ልብ በይ፣ ቡናውን አላስቀሩብሽም። የጨከነ ሰው በር ይዘጋል፤ እሳቸው የዘጉት ሳጥኑን ብቻ ነው።

እኔ መርፌ የያዝኩት በትምህርት ቤት፣ በባልትና ክፍለ ጊዜ ነው። የዚያን ጊዜ ልጃገረድ ሁሉ እንደምታደርገው፣ በአበባ የተከበበ «መልካም እንቅልፍ» የትራስ ልብስ ላይ ጠለፍኩ። ፊቱ አምሮልኝ ነበር። መምህራችን ተቀብለውኝ ፊቱን ሳያዩት ገለበጡት። ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ስሻገር የጎተትኩት ክር ጀርባው ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተወጥሯል፤ ቋጠሮው በቋጠሮ ላይ ነው። ምንም አልተቆጡኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የ«መልካም»ን «ም» ፈትተው ከእኔ ጋር እንደገና ጠለፉት፤ አንድ መርፌ እሳቸው፣ አንድ መርፌ እኔ። ያ የትራስ ልብስ እናቴ ቤት ለብዙ ዘመን ኖረ። ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያች «ም» ነበር። የእሳቸው እጅ እዚያ ውስጥ አለና።

ይህን የማነሳልሽ እቴቴ ቀሚሱን ገልብጠው ጀርባውን ማየታቸው ስለከነከነኝ ነው። የእጅ ሰንሰለት ስፌት ከፊቱ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ ከጀርባው ደግሞ አጫጭር ቀጥ ያሉ መስመሮች እየተከታተሉ ይታያሉ። የማሽኑ ጀርባ ሌላ ነው፤ የታችኛው ክር፣ ብዙ ጊዜ ነጩ፣ መሐል ለመሐል ይሮጣል። እቴቴ ይህን በአንድ ዳበሳ ያውቁታል። እኔ እንደሚመስለኝ ጀርባውን ሲያዩ የፈለጉት እጅ ነው። ምናልባትም የአንቺን እጅ። «ልጄ ጠልፋው ይሆን?» ብለው ቢሆንስ? እጅ አላገኙበትም። ያን ጊዜ ነው «ለማን?» ብለው የጠየቁት።

እንግዲህ «ለማንም ምንም አላሳይ» ወደሚለው እንምጣ። አታቁሚ እላለሁ። ይህን የምለው ቡድኑን ስለወደድሽው ብቻ አይደለም። አቡጀዲው ላይ ስድስት ወር የተማርሽው ነገር ከአንቺ ጋር ብቻ ከቀረ፣ የእቴቴ ሙያ አንዲት መርፌ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ልጆቻቸው መርፌ ይይዙ እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ ካልያዙ ደግሞ ይብስ።

ግን የምታካፍይውን ለይተሽ እወቂው። የሰንሰለት ስፌቱ በብዙ አገር ያለ፣ የዓለም ሁሉ ነው። መስቀሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትውልድ ሲያየው፣ ሲስለው፣ ሲጠልፈው የኖረ ነው። ሐረጉም የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች በየምዕራፉ ራስጌ ሲያስጌጡበት የኖሩት ነው። እነዚህን ስታሳዪ ማንንም አልበደልሽም። የእቴቴ የሆነው ሌላ ነው፦ ክሩን የሚስቡበት ልክ፣ ቀለም የሚያጋጥሙበት መንገድ፣ ጠማማዋን መስመር ሳይቆጡ የሚፈቱበት ትዕግሥት። ይህን ስታስተምሪ «ከእቴቴ ነው የተማርኩት» ብለሽ አስተምሪ። ወፎቹ ግን የአንዲት ሴት ናቸው። እሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ይነሡ።

ስም መጥራት ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርሽ። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ቀሚስ አለ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲዘረፍ የተወሰደ ነው። ነጭ ጥጥ ላይ በባለ ቀለም ሐር ተጠልፏል። የመቅደላው ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከሌሎቹ የመቅደላ ንብረቶች ጋር ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። የለበሰችው ስሟ ይነገራል፤ የወሰደው ጦር ስሙ ይነገራል። ያቺን ሐር በመርፌ ቀዳዳ እያሾለከች ቀኗን ያሳለፈችው እጅ ግን ስም የላትም። ያ ቀሚስ በተነሣ ቁጥር እኔ የማስበው ስለ እሷ ነው። እቴቴም እንዲያ እንዳይሆኑ አንቺ አለሽላቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ተናደሻል፤ በጽሑፍሽ ውስጥ ባትይውም ይሰማል። እኔም ብሆን ይከፋኛል። ግን ሥዕሉን ስታሳዪያቸው ምን ብለሻቸው ነበር? «የአክስቴ ነው፣ ለልጃቸው ሠርግ ያወጡት ነው» ብለሽ ከነበረ፣ ያደረገችው ድፍረት ነው። «እዩት፣ እንዴት ያምራል!» ብቻ ብለሽ ከሆነ ግን እሷ ያየችው አንድ የሚያምር የጥልፍ ሥዕል ነው፤ በየሱቁ እንደሚሰቀለው። ይህን ልዩነት መልሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ከመናገርሽ በፊት ለራስሽ በእውነት መልሺው።

ከዚያ ብቻዋን አግኛት። በቅዳሜው ቡና ላይ፣ በስድስት ሰው ፊት አታንሺባት፤ ሰው የተዋረደበትን ቦታ እንጂ የተነገረውን ነገር አያስታውስም። «ቀሚሱን እቴቴ ቤት አየሁት» ብለሽ ጀምሪና የሆነውን እንደሆነው ንገሪያት፦ እንዴት ዳበሱት፣ ምን ብለው ጠየቁ፣ ወፎቹ ለማን እንደነበሩ። ከዚያ ዝም በይና አድምጫት። ልቧ ደህና ከሆነ ይህን ሰምታ ቁጭ ብላ አታድርም። የምትጠይቂያት ነገር ቀላልና ግልጽ ይሁን፦ ከእንግዲህ በወፎቹ ሌላ ቀሚስ እንዳታሠራ፣ ማሽን ቤቱ ያስቀመጠውንም እንዲያጠፋ እንድትነግረው። «ቢዝነስ ነው፣ ምን አገባሽ» ካለችሽ ደግሞ የትኛዋን ጓደኛ ምን እንደምታሳዪ ከዚያ ወዲያ ታውቂያለሽ። ማሽን ቤቱን ግን አትጥሊው፤ እዚያም እንጀራውን የሚያበስል ሰው አለ፤ የመጣለትን ፎቶ ነው የሠራው።

ሕጉንም ትጠይቂ ይሆናል። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአዲስና ወጥ ሥራ፣ ሳይመዘገብም ቢሆን፣ ለሥራው አመንጪ መብት ይሰጣል። እቴቴ ነገሩን በዚያ መንገድ ማየት ከፈለጉ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ግን መብቱ የእሳቸው ነው፤ ክስ ይሁን ምሕረት የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። አንቺ ቀድመሽ የሳቸውን ቁጣ አትቆጪላቸው።

እቴቴ ዘንድ የምትሄጂው ከልጅቷ በፊት ነው፤ ከሁሉም በፊት። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ እንግዳ በማይመጣበት ቀን ይሁን። ቡና ይዘሽ ሂጂና አንቺ አፍዪላቸው። ረጅም ማብራሪያ አታዘጋጂ፤ «እሷ ናት የሸጠችው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚለውም ለኋላ ይቆይ። «እቴቴ፣ የወፎቹን ሥዕል ሳላስፈቅድዎት ለጓደኞቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» በይና እዚያ ላይ ቁሚ። ዝምታው ይከብድሻል። ቢከብድሽም አትሙይው።

የሚናገሩ ከሆነ ስለ ልጃቸው ጠይቂያቸው። ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ እሷ። ሠርጉ የት ነበር፣ ቀሚሱን ስትለብሰው ምን አለች፣ ወፎቹስ ለምን ሁለት ሆኑ። የሞተ ልጅ ስም በቤተሰብ መሐል «እንዳይከፋቸው» ተብሎ ሳይነሣ ዓመታት ያልፋል፤ እናት ግን ስሟ እንዲነሣላት ትጠብቃለች። ብዙ እናቶች ይህን ጽፈውልኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ይዘሽላቸው ሂጂ። አንዲት ትንሽ ትራስ ላይ አሥር መርፌ ሰክተሽ፣ እያንዳንዱ ላይ ክር አሾልከሽ፣ ክሩን በአንድ ክንድ ልክ ቆርጠሽ ውሰጂላቸው፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ወርቃማውን እያፈራረቅሽ። እጃቸው መንገዱን እንደማይስት ነግረሽኛል፤ የከለከላቸው የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ነው። ዓይናቸውንም ሐኪም አይቶት ያውቃል? በዕድሜ የሚመጣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ከሆነ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው፤ «እርጅና ነው» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ። እስከዚያው ግን አሥሯን መርፌ ጨርሰው ባዶውን ትራስ ሲመልሱልሽ እንደገና እየሞላሽ ውሰጂ። ይህ ደብተሩን የሚያስከፍት ዘዴ እንዲሆን አይደለም የምነግርሽ። ደብተሩ ቢከፈትም ባይከፈትም አድርጊው።

ደግሞ ባይከፈትስ? «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ወፎቹ ግን ከእኔ ጋር ይቀራሉ» ቢሉሽስ? ያን ጊዜ እሺ በያቸው፤ ከልብሽ እሺ በይ። የገለበጥሽውንም ወረቀት መልሺላቸው። ሁሉም ነገር ለትውልድ መተላለፍ አለበት የሚሉ ሰዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አንዲት እናት ለልጇ ያወጣችውን ሥዕል ከእሷ ጋር ልታስቀረው መብት አላት ባይ ነኝ። የቀሩት መስቀሎችና ሐረጎች ዕድሜሽን ሙሉ ጠልፈሽ አትጨርሻቸውም።

ከቡድኑ አትውጪ። የሚመጣው ቅዳሜ ግን እንደ ድሮው አይጀመር። መጀመሪያ ስለ አንድ ነገር ተነጋገሩ፦ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣ ሥዕል ከማን እንደመጣ ይነገራል፣ ያመጣችው ሰው ሳትፈቅድ ፎቶ አይነሣም፣ ሳትፈቅድ ለገበያ አይወጣም። ጽፋችሁ መለጠፍ አያስፈልጋችሁም፤ በቃል ተነጋግራችሁ ሁላችሁም እሺ ካላችሁ ይበቃል። ከእናቷ መስቀለኛ ስፌት የተማረችውንም ጠይቋት፤ እስከ ዛሬ የእናቷን ስም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኪሮሽ የምትችለውስ ከማን ተማረች? አንድ ቅዳሜ ሙሉ ይህን ብቻ ብትጫወቱ ቡናው እስከ በረካ በደንብ ያደርሳችኋል።

«እኔ ማን ነኝ» ላልሽው፦ ሁለት ዓመት የጠለፈች ነሽ። አስተማሪ ነኝ አትበይ፤ ከፊታቸው ሁለት እርምጃ የቀደምሽ ነሽ፤ የምታውቂውን አሳዪ፣ የማታውቂውን «ይህን እቴቴን እጠይቃለሁ» በይ። ለጀማሪ ደግሞ ከአንቺ የሚበልጥ አሳዪ አይኖራትም፤ እጅሽ የቱ ጋ እንደደናገረው ገና አልረሳሽውምና። ክሩ ከአንድ ክንድ ከረዘመ ለምን እንደሚቋጠርና እንደሚሻክር፣ ስድስት ነጠላ ያለውን የጥልፍ ክር ከፍለሽ በሁለት ወይም በሦስት ነጠላ ስትጠልፊ መስመሩ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ስትጀምሪ በመቋጠር ፈንታ የክሩን ጅራት ከስፌቱ ሥር እንዴት እንደምትቀብሪው፣ ፈትል ጨርቅ ስስ ስለሆነ ክሩን ጠበቅ ስታደርጊው እንዴት እንደሚሰበሰብብሽ፤ ይህን ሁሉ አሳያቸው። ሥራችሁንም በየጊዜው ገልብጡና ጀርባ ለጀርባ ተያዩ። እቴቴ በፈቀዱ ቀን ደግሞ ቅዳሜው ወደ ጉለሌ ይሂድ። ሰባታችሁም ወደ እሳቸው ቤት። ልጅቷም ጭምር፣ ከመጣች።

በመጨረሻ ስለ ቀዩ ክር። ጨርቁ ካልደረቀ ዕድል አለሽ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ውኃው በቀላ ቁጥር ቀይሪለት፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ አትሰልቺ። ሙቅ ውኃ አታስነኪው፣ ነጠብጣቡ ሳይለቅ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ በካውያም አትተኩሺው፤ ሙቀት ቀለሙን ያጸናዋል። ደርቆ ከሆነም በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሳሙና አሳድረሽ ሞክሪው፤ በረኪና ግን የጠለፍሽውንም ክር ስለሚያበላሽ ይቅርብሽ። ለሚቀጥለው ከመጀመርሽ በፊት አንድ ቁራጭ ቀይ ክር አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ መሐል ጫን ጫን አድርጊው፤ ነጩ ከቀላ ክሩን ብቻውን ደጋግመሽ እጠቢው፣ አሁንም ከለቀቀ ሌላ ክር ግዢ። እቴቴ ቀዩን ክር ከየት ይገዙ እንደነበርም ጠይቂያቸው።